በረካን የማይጠይቅ ቅጽ

ሥራዬ ቡና ቀማሽነት ነው። ስማቸው ተሸፍኖ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው ናሙናዎች ይቀርቡልኛል፤ አሸታለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ እተፋለሁ፣ ነጥብ እሰጣለሁ። ያሳደጉኝ አክስቴ ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቡና ሲያፈሉ ኖረዋል፤ አሁን ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ባለፈው እሑድ 88 ነጥብ ከሰጠሁት የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና ከናሙና የተረፈ ጥቂት ተቆልቶ፣ ጥቂት ደግሞ ጥሬውን ይዤላቸው ሄድኩ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። የተቆላውን ወቅጠው አፈሉት፤ አንድ ጊዜ ፉት አሉና ሲኒውን ረከቦቱ ላይ መለሱት። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ይህ ነው። የጻፍኩት፣ ጥራት ምን እንደሆነ ከብዙ ሥልጠና ይልቅ ያን ቀን ስለገባኝ ነው።

አክስቴ፦ ልጄ፣ ይሄ ቡና ኮምጥጧል።

እኔ፦ ኮምጥጦ አይደለም እትዬ፤ አሲዳማነቱ ነው። ሎሚ፣ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ጣዕም አልመጣልዎትም? ሽታውስ አበባ አበባ አይልም? ይርጋጨፌ በዓለም ስሙ የተጠራው በዚህ ነው። 88 የሰጠሁትም እኔው ራሴ ነኝ።

አክስቴ፦ ከስንት?

እኔ፦ ከ100። 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ስፔሻሊቲ ይባላል። 88 የሚደርስ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም።

አክስቴ፦ የኔን ቡናስ ብትቀምሺው ስንት ትሰጪዋለሽ?

እኔ፦ እውነቱን ልንገርዎት? 80 የሚሞላ አይመስለኝም። ጥሬው የተደባለቀ ነው፤ ሲቆሉትም በጣም ያጠቁሩታል።

አክስቴ፦ አልተቀየምኩም፤ ግን አስረጂኝ። ይሄን ቡና አጎትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አርባ ዓመት ጠጥቶታል። ጎረቤቱም ሽታው እየጠራው ይመጣል። ይሄ ሁሉ ሰው ሳያውቅ ነው የኖረው? ወይስ እናንተ የምትቀምሱት ሌላ ነገር ነው?

እኔ፦ እንዴት እንደምንቀምስ ልንገርዎትና እርስዎ ይፍረዱ። ቡናውን ሳናጠቁረው ለስለስ አድርገን እንቆላዋለን። ፈጭተን ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም እንመጥናለን። 93 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እናፈስበትና አራት ደቂቃ እንጠብቃለን። ላዩ ላይ የረጋውን ቅርፊት በማንኪያ ስንሰብረው የሚወጣውን እንፋሎት አፍንጫችንን ደፍተን እናሸታለን። ከዚያ በማንኪያ እየቀዳን፣ ድምፅ እስኪያወጣ በኃይል እየሳብን እንቀምሳለን። ለአንድ ናሙና አምስት ሲኒ ይቀርባል፤ አንዱ ከሌላው ከተለየ ቡናው ወጥ አይደለም ማለት ነው። ነጥብ የምንጽፍበት ቅጽ ላይ አሥር ጥያቄ አለ፤ እያንዳንዱ ከ10 ይታሰባል።

አክስቴ፦ ስንቴ ታፈሉታላችሁ?

እኔ፦ አናፈላውም። አንድ ጊዜ ውሃ እናፈስበታለን፤ በቃ።

አክስቴ፦ ቶናውስ? በረካውስ?

እኔ፦ የለም።

አክስቴ፦ ዕጣንስ?

እኔ፦ ሽቶ ተቀብቶ መግባት እንኳ ክልክል ነው።

አክስቴ፦ ከማን ጋር ትጠጡታላችሁ?

እኔ፦ አንጠጣውም፤ እንተፋዋለን። ሁላችንም ጽፈን እስክንጨርስ ድረስም አናወራም፤ የአንዱ ቃል የሌላውን አፍ እንዳይመራው።

አክስቴ፦ አሁን ገባኝ። እኔ ቡና የምገዛው ሦስት ጊዜ ውሃ እንዲችልልኝ ነው። አቦሉ ወፈር ብሎ፣ ቶናው ለስለስ ብሎ፣ በረካው ላይ ቡና መሆኑ ሳይጠፋ። የዚህ ግቢ ሴቶች የሆዳቸውን የሚያወጡት አቦል ላይ አይደለም። አቦል ላይ ስለ ዋጋ ነው የሚወራው፤ ስለ ዘይት፣ ስለ ጤፍ። ልጇ የታመመባት፣ ባሏ የከፋባት ቶናውን ጠጥታ ነው የምትናገረው። በረካ ላይ እንመክራለን፣ እንመራረቃለን። ቡናው አቦል ላይ ካለቀ ሴትየዋ የያዘችውን ይዛ ትመለሳለች። ያንቺ ቅጽ ይሄን ይጠይቃል?

እኔ፦ አይጠይቅም። በረካ የሚል መስመር የለውም።

አክስቴ፦ ታዲያ የኔን ቡና 80 አይሞላም ያልሽው በምን መዝነሽ ነው?

እኔ፦ እርስዎ በማይፈልጉት ሚዛን። ትክክል ነዎት። ግን ቅጹንም ላስከብረው፤ በከንቱ አልመጣም። የጌዴኦ ገበሬና የቶኪዮ ገዢ በዓይን አይተያዩም። አንዱ «ጥሩ ነው» ቢል ሌላው ምን እንደሆነ አያውቅም። ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ ያ ነጥብ ነው። ነጥቡ ባይኖር ኖሮ ዋጋውን የሚወስነው ከሁሉም በላይ ጉልበት ያለው ይሆን ነበር።

አክስቴ፦ እሱስ እውነት ነው። እስቲ ያንን ጥሬውን ስጪኝ፤ ሰፌዱንም አቀብይኝ።

(ጥሬውን ሰፌድ ላይ አፍስሰው በጣታቸው እየገፉ መልቀም ጀመሩ። ጥቂት ፍሬ ብቻ ነጥለው ወደ ዳር አወጡ።)

እኔ፦ እነዚያን ለምን ጣሏቸው?

አክስቴ፦ ይቺ ጥቁር ናት፤ አንዷ ጀበናውን ሙሉ ታበላሻለች። ይቺን ተባይ በልቷታል፣ ቀዳዳዋ ይኸው። ይቺኛዋ ሳትበስል የተለቀመች ናት፤ ስትቆላ እንደ ሌሎቹ አትጠቁርም፣ ገርጥታ ትቀራለች። የቀረው ግን ንጹሕ ቡና ነው። ይሄን አልዋሽም።

እኔ፦ እትዬ፣ ይህ እኮ የእኔ ሥራ ነው! እኛም 350 ግራም መዝነን ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋና ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ ያልበሰለውን እየለቀምን እንቆጥራለን። አገራችን ለውጭ ገበያ ደረጃ ስታወጣም ከ100 ነጥብ 40ው የጥሬው ነው፤ የሲኒው 60። እርስዎ ሰፌድ ላይ የሚያደርጉትን እኛ በቁጥር እንጽፈዋለን እንጂ ዓይናችን አንድ ነው።

አክስቴ፦ እንግዲህ እዚህ ላይ አልተጣላንም። ጥራት የምንለውም እኮ ይሄንኑ ነው። ጠላ ጠራ እንላለን፣ ውሃ ጠራ እንላለን፣ ሰማይ ጠራ እንላለን። ቅጠሉና አተላው ሲዘቅጥ፣ ደለሉ ሲወርድ፣ ደመናው ሲሄድ ማለት ነው። ጥሩ ወርቅ ስንልም ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ማለታችን ነው። ቡናም የማይገባው ነገር ሲወጣለት ይጠራል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ጥራት አይደለም፤ መውደድ ነው።

እኔ፦ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ድንበሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለይም። አንድ ነገር ልንገርዎት። ብራዚል ውስጥ ሪዮ የሚባል የቡና ጣዕም አለ፤ እንደ ሆስፒታል መድኃኒት የሚሸት። የሽታው ምክንያት ተጠንቶ ታውቋል፤ ትራይክሎሮአኒሶል የሚባል ውሕድ ነው። በእኛ ቅጽ ከባድ ጉድለት ነው፤ ያ ሽታ ያለው ሲኒ ይወድቃል። ነገር ግን በቱርክ፣ በግሪክ፣ በሊባኖስ ብዙ ሰው ከልጅነቱ የለመደው የቡና ጣዕም እሱ ስለሆነ ፈልጎ ይገዛዋል። ያ ሽታ ሲጠፋበት «ይሄማ ቡና አይደለም» የሚል አለ።

አክስቴ፦ ይገርማል! እኛ አውጥተን የምንጥለውን?

እኔ፦ አዎ። ውሕዱ በመሣሪያ ይለካል፤ መኖሩን ማንም አይክድም። ክፉ ነው ወይስ ደግ የሚለውን ግን መሣሪያው አይመልስም። ስለዚህ አንዳንዴ ጉድለት የምንለውም መውደድና መጥላት ነው፤ የብዙ ሰው ሆኖ፣ ቆይቶ፣ በቅጽ ስለተጻፈ የማይነቃነቅ ሕግ ይመስለናል።

አክስቴ፦ እንደሱ ከሆነማ የሰፈራችን ነጋዴም ይስቅብናል። አንድ ጊዜ የሸጠልኝ የተፈጨ ቡና ግማሹ ገብስ ነበር። ብጠይቀው «እትዬ፣ የጣዕም ጉዳይ ነው» ቢለኝስ?

እኔ፦ ምን ይመልሱለታል?

አክስቴ፦ ገብስ የሚወድ አለ እለዋለሁ። ሐኪም ቡና የከለከለው ሰው ገብስ ቆልቶ እንደ ቡና ሲጠጣ አውቃለሁ፤ ደህና ነገር ነው። ግን ገብስ ነው ብለህ ሽጥ። ቡና ብለህ ገብስ ከሸጥክ የጣዕም ነገር አይደለም፣ ሌብነት ነው። ሻጋታ የመታውን ቆልቶ የሚሸጥስ? ሽታውን ጥቁር እስኪሆን ቆልቶ ቢደብቀውስ?

እኔ፦ እሱን ደግሞ ሳይንሱ ከእርስዎ ጋር ነው። አንዳንድ ሻጋታ ኦክራቶክሲን የሚባል መርዝ ያፈራል፤ ኩላሊት ይጎዳል፤ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የሚወደው ሰው ቢገኝ እንኳ ይጎዳዋል። እንግዲህ ሁለት ነገር ከጣዕም ክርክር ውጪ አደረግን፤ ውሸትንና መርዝን።

አክስቴ፦ እነዚህ ላይ ማንም «እኔ እንዲህ ነው የምወደው» ብሎ አያመልጥም። የቀረውን እንነጋገርበት።

እኔ፦ የቀረው ላይ ደግሞ እኔ በደል አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ያልታጠበ ቡና ቀረበልኝ፤ ከነእሸቱ የማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀ። ስቀምሰው የወይን ጠጅ፣ የበሰለ እንጆሪ ጣዕም አለው። እኔ ንጹሑንና የጠራውን የታጠበ ቡና ነው የምወደው። «በጣም ተብላልቷል» ብዬ 79 ሰጠሁት። አጠገቤ የቆመው ባልደረባዬ 86 ጻፈ። ቡናው አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ። ወረቀታችንን ስናስተያይ ማስታወሻው ላይ ሁለታችንም የጻፍነው አንድ ነበር፤ «ወይን ጠጅ፣ እንጆሪ»። ምላሳችን ተስማምቷል፤ የተለያየው ልባችን ነው።

አክስቴ፦ ገበሬው ምን አጠፋ?

እኔ፦ ምንም። እኔ ግን የማልወደውን ነገር «ጉድለት» ብዬ ስም ሰጠሁት። 79 እና 86 ደግሞ ለገበሬው ቁጥር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ አገር ሲካሄድ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ ፓውንዱ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጧል፤ ኪሎው ከ400 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። ያን ያህል ዋጋ የሚንጠለጠለው በቀማሾች ምላስ ላይ ነው። እኔ ያንን ያልታጠበ ቡና 80 ሳላስገባው ስቀር የአንድ ቤተሰብን የዓመት ልፋት በምርጫዬ ቆረጥኩት ማለት ነው። ደግነቱ ለብቻዬ አልፈርድም፤ ብዙ ሆነን ስለምንቀምስ እንደገና ቀምሰን ነጥቡን አስተካከልነው።

አክስቴ፦ ይሄ ምርጫሽ ከየት መጣ? ልጅ ሆነሽ ሎሚ ስልሽ ፊትሽን ታዞሪ ነበር።

እኔ፦ ከሥልጠናው ነው መሰለኝ። መጀመሪያ ሰሞን አሲዳማ ቡና ሲያቀርቡልኝ ፊቴ ይጨማደድ ነበር። አሠልጣኞቹ «ይህ ደማቅ ነው፣ ይህ ሕያው ነው» ሲሉ እየሰማሁ፣ በቀን ሠላሳ አርባ ሲኒ እየቀመስኩ ወደድኩት። አሁን ከልቤ እወደዋለሁ፤ አላስመስልም።

አክስቴ፦ እኔም እንዲሁ ነኝ። እናቴ ቤት ቡና የሚጠጣው በጨው ነበር። ስኳር ለእንግዳ እንኳ አይታወቅም። አዲስ አበባ መጥቼ ባለ ስኳር ሲሰጡኝ ደበቅ ብዬ ደፋሁት፤ አሞኝ ነበር። ዛሬ ያለ ስኳር አልጠጣም። አጎትሽ ሲኒው ላይ ጤና አዳም ካልተደረገለት ቡና አይለውም ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ጤና አዳም የምጨምረው በሙት ዓመቱ ቀን ነው። ያን ቀን ያ ቡና ለኔ ስንት ነጥብ ነው? ከ100 ይበልጣል። ለሌላ ሰው ግን ቅጠል ያለበት ቡና ነው።

እኔ፦ ያን ነገር ምንም ቅጽ አይለካውም።

አክስቴ፦ አይለካውም፤ መለካትም የለበትም። ግን ቅጹ የማይለካውን ነገር እንደሌለ አይቁጠረው ነው የምለው። አንቺም ተምረሽ ወደድሽ፣ እኔም ተምሬ ወደድኩ። አንቺን ያስተማረሽ አሠልጣኝ ነው፣ እኔን ያስተማረችኝ እናቴና ጎረቤቴ። ያንቺ ትምህርት ወረቀት ስላለው ብቻ የኔን አፍ አይሽረውም።

እኔ፦ አይሽረውም። አሁን እያሰብኩት ያለሁት ሌላ ነገር ነው። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ነን። ለውጭ ገበያ ደረጃውን ያሟላውን ግን እዚህ መሸጥ ለረጅም ጊዜ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ለአገር ውስጥ የሚቀረው ያላለፈው ነበር። «ጥሩ» የሚለውን ቃል ትርጉም የሰጠው የሩቅ ገዢ አፍ ሆነ፤ ግማሹን የሚጠጣው ሰው ግን ምን እንደሚወድ ተጠይቆ አያውቅም።

አክስቴ፦ ዶላሩ ለአገር ያስፈልጋል፤ እሱን አልቃወምም። ግን አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «እማማ፣ በረካ የሚደርስ ቡና የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ሰፈር በሰፈር ለይቼ እነግረው ነበር። እናንተ አጠገባችን ሆናችሁ አልጠየቃችሁንም።

እኔ፦ የውጪዎቹም ይህን ማየት ጀምረዋል። በዓለም ደረጃ ቅጹን ያወጣው የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ አሠራር አቅርቧል። ሲኒው ውስጥ ምን እንዳለ የሚጻፍበት አንድ ክፍል፣ ቀማሹ ምን ያህል እንደወደደው የሚጻፍበት ሌላ ክፍል ሆኖ ተለየ። የጥሬው መልክና ቡናው የመጣበት ታሪክም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። «እንጆሪ አለው» ማለትና «እንጆሪውን አልወደድኩትም» ማለት አንድ ነጥብ ውስጥ አይደባለቁም።

አክስቴ፦ ይሄማ የድሮ ባልቴት የምታውቀው ነው። ልጅ ልትድሪ ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ ልጁ ማነው፣ ምን ይሠራል፣ ጠባዩ እንዴት ነው ይባላል። «ወደድነው» የሚባለው ኋላ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ቤት ልጁን ሳያውቅ ይድራል፤ ወይም ደህናውን ልጅ መልኩን አልወደድኩትም ብሎ ይመልሳል። በይ አሁን እሳቱን አራግቢው። ይሄን ጥሬሽን እኔ ልቁላውና እንየው።

(ብረት ምጣዱን ጣዱ። ፍሬው ሲንጣጣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው እያዳመጡ አማሰሉት። እኔ ከምቆላው አለፍ አደረጉት፤ ወዙ ላዩ ላይ ወጥቶ ሳያብረቀርቅ ግን አወጡት፤ እሳቸው ዘወትር ከሚያወጡበት ቀደም ብለው። ጭሱን በእጃቸው ወደ እኔ ገፉልኝ። ወቀጡት፣ አፈሉት፣ ጀበናው ሰከን እስኪል ጠበቅነው። አቦል ቀዱ።)

እኔ፦ እንዴት ነው?

አክስቴ፦ ኮምጣጣነቱ ለዝቧል። አሁን ያልሽኝን አበባውን አገኘሁት። አቦሉን ወደድኩት፤ ልዋሽሽ አልችልም።

እኔ፦ ለእኔ ደግሞ ሎሚው በመቀነሱ ቅር ብሎኛል። ግን ወፍሯል፤ አፍ ላይ ይቆያል። በጀበና ሲሆን ከእኔ አቆላል የእርስዎ ይሻላል።

(ጎረቤት ሁለት ሰው ጨምሮ መጣ። ፈንዲሻ ተቆላ። ቶናው ተጠጣ፤ «ደህና ነው» ተባለ። ውሃ ተጨምሮ በረካው ሲቀዳ ሲኒው ውስጥ ያለው ቀለም የሻይ ሆኖ ነበር።)

አክስቴ፦ ይኸው። በረካው ውሃ ነው። ቡናሽ ንጹሕ ነው፣ ያልተዋሸበት ነው፣ አቦሉ ያምራል። ላገር ሰው ግን በረካ አያደርስም። እንግዲህ እንዲህ ብለሽ ጻፊው።

እኔ፦ ነጥቡንስ?

አክስቴ፦ ነጥቡን አትንኪው። ለዚያ ሰውዬ፣ ለቶኪዮው፣ 88 ነው። እሱ በረካ አይጠጣም። እኔን ከጠየቅሽኝ ደግሞ መልሴን ሰምተሻል። አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ «ጥሩ ቡና» ስትዪ ለማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ አብረሽ ተናገሪ። ያን ጊዜ ገበሬውም አይበደልም፣ እኔም አልሰደብም።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገብቼ ማስታወሻዬን ገለጥኩ። የዚያ ቡና ነጥብ 88 እንዳለ ነው፤ አልለወጥኩትም። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «በጀበና ተፈልቶ በረካ አይደርስም።»